መንፈሳዊ ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ እጄ ሥራ ፈትቷል፤ እናንተ ትምህርቱን፣ ጸሎቱንና የእጅ ሥራውን እንዴት ይዛችሁታል?

ዘድጓ ቤት

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞችና እኅቶች።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መንፈሳዊ ኮሌጅ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዲያቆን ነኝ። ከኮሌጁ በፊት ድጓ ቤት፣ ማለት የዜማ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቼ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ በየደጁ ለምኜ ነው የተማርኩት። እዚያ ትምህርቱ፣ ጸሎቱና የእጅ ሥራው አንድ ላይ ነበሩ። የኔታ ፊት ተቀምጠን ዜማውን እንቀጽላለን፣ ከዚያ እንጨት እንለቅማለን፣ ውኃ እንቀዳለን፣ ቆዳ እንፍቃለን። ድጓውን ያለ ዜማ ምልክቱ ማወቅ አይቻልም፤ ምልክቱን ደግሞ በእጅህ ካልጻፍከው አይጸናም። ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ድፋት፣ ጭረት እያልን በጣታችን መሬት ላይ እንጽፍ የነበረው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

አሁን ቀኔ እንዲህ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት እነሣለሁ። 12 ሰዓት ላይ ኪዳን አደርሳለሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ክፍል ውስጥ ነኝ፦ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ ነገረ ሃይማኖት፣ ግእዝ፣ ግሪክ። ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት፣ ማታ የቤት ሥራ። ትምህርቱን እወደዋለሁ። መምህራኖቼም እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ይደክሙልናል። ግን ባለፈው ዓመት አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ስለ ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ተፈትኜ ጥሩ ውጤት አመጣሁ። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት፤ የእያንዳንዱን ምክንያት ጽፌያለሁ። በዚያው ሳምንት ግን ውዳሴ ማርያም እንኳ ሳልደግም የዋልኩባቸው ቀናት ነበሩ።

ለፋሲካ ጎረቤት ፍየል ሲያርዱ ብራና ልሠራበት ብዬ ቆዳውን ለመንኳቸው። በባልዲ ዘፈዘፍኩት። ጓሮ ውስጥ በእንጨት ወጥሬ ጠጉሩን መፋቅ ጀመርኩ። ሰኞ ነበር። እየፋቅሁ ሳላስበው የሰኞውን ውዳሴ ማርያም ከ«ፈቀደ እግዚእ» ጀምሬ እስከ መጨረሻው ወጣሁት። ጨርሼ ቀና ስል ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። እንደዚያ ከጸለይኩ ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር!

ቆዳው ግን ተበላሸ። ፀሐይ ላይ አደረቅሁትና እንደ ፕላስቲክ ደረቀ፣ ቢጫ ሆነ። መሐሉም ላይ የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ወጣበት። አከራዬ እማማም ሽታው አስቸግሯቸዋል።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ብራና የምትሠሩ ካላችሁ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ንገሩኝ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ተማሪ ሆናችሁ በእጃችሁ የምትሠሩት ነገር ካለ፣ ቀኑን እንዴት እንደምታብቃቁት ጻፉልኝ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ጊዜህን እያባከንክ ነው» ይለኛል። ከልቡ እንደሚያስብልኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም።

ወለተ ሥላሴ

ዲያቆን፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እኔ ቀን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፣ ማታ ነገረ መለኮት እማራለሁ። የእጅ ሥራዬ ልብሰ ተክህኖ መስፋት ነው። እናቴ መሶብና ሙዳይ ትሰፋ ነበር፤ እኔ ወደ ጥልፉ አዘነበልኩ። ካባ ላይ መስቀል በወርቃማ ክር እጠልፋለሁ። መኪናዬ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ነው፤ ጥልፉን ግን በእጄ ነው የምጨርሰው።

ስለ ጊዜው ልንገርህ። ብዙ ጊዜ የለኝም። የምሰፋው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። ሁለቱም የጾም ቀናት ስለሆኑ ምሳ ሰዓት ላይ የምቸኩልበት ነገር የለም፤ ያን ሰዓት ለመርፌው ሰጥቼዋለሁ። ስሰፋ ሌላ ነገር አላዳምጥም። ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ላይ «አቡነ ዘበሰማያት» ብዬ እጀምርና መስቀሉ እስኪያልቅ «እግዚኦ ተሠሃለነ» እላለሁ። እናቴ ያስተማረችኝ አንድ ነገር አለ፦ ለቤተ መቅደስ ከሚሰፋ ጨርቅ የተቆረጠውን ቅዳጅ መሬት ላይ አትጥይ። እስከ ዛሬ በከረጢት እሰበስበዋለሁ።

ባለፈው የሰፋሁትን ካባ አንድ ቄስ ለብሰው ሲቀድሱ ቆሜ አየሁ። በትምህርት ያነበብኩት ሁሉ፣ መሥዋዕቱ፣ ኅብስቱ፣ ጽዋው፣ ሌላ መልክ ያዘልኝ። ያን ቀን ማስቀደስ ማለት ምን እንደሆነ ገባኝ ብል አላጋንንም።

ብራና ፋቂ

ልጄ፣ ብራናህ የተበላሸው በፀሐዩ ነው። ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰበሰባል፣ ይቃጠላል፣ ይጠነክራል። ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ነው የሚደርቀው። የቆርቆሮ ጣሪያ ክንፍ ሥር ቢሆን ይበቃሃል።

ሌላው ስሕተትህ ጠጉሩን አስቀድመህ መፋቅህ ነው። መጀመሪያ የሥጋው በኩል ነው። ቆዳውን ሦስት ቀን ያህል ዘፍዝፈው፤ ብርድ ከሆነ ጨምርበት። ውኃውን ለውጥ። ሽታው የሚበረታው ውኃው ሲከርም ነው፤ ቶሎ ቶሎ ብትለውጥ እማማም አይቸገሩም። ከዚያ ዙሪያውን በስተህ ጠፍር አግባበት፤ በአራት እንጨት ወጥረው። ከበሮ እስኪመስል ድረስ ይወጠር። እርጥብ ሳለ ሥጋውንና ስቡን በቢላ ፋቀው። ጠፍሩን በየጊዜው አጥብቀው፤ እየተፋቀ ሲሄድ ይላላልና። ጠጉሩ የሚላጨው ተወጥሮ ከደረቀ በኋላ በመጥረቢያ ነው። በመጨረሻ በሸካራ ድንጋይ እሸው፤ እጅህ ላይ እስኪለሰልስ።

ፍየል መምረጥህ ጥሩ ነው። የበግ ቆዳ ስብ ይበዛዋል፣ ቀለም በደንብ አይይዝም።

ቀዳዳውን በተመለከተ። ቆዳው ሲታረድ ወይም ሲገፈፍ ቢላ የነካው ቦታ ካለ ሲወጠር ይሰፋል። ስለዚህ እርጥብ ሳለ ነው የምትሰፋው። አይተህ ከሆነ በድሮ መጻሕፍት ብራናው ላይ የተሰፋ ቁስል አለ። ጸሐፊው ቃሉን ቆርጦ በዚያ በኩል ዞሮ ያልፋል። አያቶቻችን ቀዳዳ ስላለው ብራና አይጥሉም ነበር። ከአንድ ፍየል የሚወጣው ሉክ፣ የመጽሐፉ ቅጠል፣ ጥቂት ነው፤ አንድ ድጓ ስንት ፍየል እንደሚፈጅ አስበው።

እኔ አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። አንተ ሁለቱንም ስላገኘህ ደስ ብሎኛል።

ሰባኪው

ወንድሜ ዘድጓ ቤት፣ ጓደኛህ ልሆን እችላለሁ፣ ላልሆንም እችላለሁ፤ ግን የሱን ሐሳብ እጋራለሁ። በቅንነት ነው የምጽፈው።

ቤተ ክርስቲያን አንተን ኮሌጅ ያስገባችህ ለምንድን ነው? በየገጠሩ ሰባኪ የሌላቸው አጥቢያዎች አሉ። ወጣቱ ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልስ የሚሰጠው የለም። ያለህ አራት ዓመት ነው። ዳዊቱ በስልኬ አለ፣ ድጓው ታትሟል። ብራና የፋቀው ሰው ሰዓቱን ለግሪኩ ቢሰጠው ኖሮ ሐዲስ ኪዳንን በመጀመሪያ ቋንቋው ያነብ ነበር። እጅ ሥራውን ዕረፍት ላይ ሥራው። በትምህርት ወቅት ግን ሸክም አታብዛ። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ነገር ይዤ ሁሉንም አበላሽቼ ነበርና ነው።

ዘድጓ ቤት

ሰባኪው፣ አመሰግናለሁ። ቃልህ ከብዶኛል፤ ትክክል ያልከው ነገር አለና።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ግሪኩን የተውኩት ለብራናው ብዬ አይደለም። ግሪክ የምቀጽልበትን ሰዓት አልነካሁትም። ብራናው የወሰደው ስልክ ይዤ የማሳልፈውን ከእራት በኋላ ያለ ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ሰው ፊት ቆሜ ስሰብክ የምናገረው ያነበብኩትን ነው ወይስ የጸለይኩትን የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ብራና ፋቂ አባቴ፣ የሥጋው በኩል መቅደም እንዳለበት አላውቅም ነበር። ድጓ ቤት ሳለን ትልልቆቹ ተማሪዎች ሲጀምሩ እኛ ውኃ ቀጂዎች ነበርን፤ የምንደርሰው ለጠጉሩ ነበር ማለት ነው።

መምህር ዘሐይቅ

ልጆቼ፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። ሁለታችሁም አትጣሉ። እኔ ኮሌጅም አስተምራለሁ፣ ከዚያ በፊት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ።

አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን አስታውሱ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ለትምህርት ሲገቡ ትምህርቱ አልገባቸው ብሎ ዓመታት አለፉ። በዚያ ጊዜ የተሰጣቸው ሥራ ወፍጮ ነበር። ለገዳሙ እህል ይፈጩ ነበር። ገድላቸው እንደሚነግረን እመቤታችን የተገለጠችላቸው በዚያ ድካም ውስጥ ሳሉ ነው፤ የጥበብን ጽዋ ያጠጣቻቸውም ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሰዓታቱን የደረሱት፣ መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፉት። ዛሬ ሌሊት በሰዓታት ስንቆም የምናዜመው የወፍጮ ፈጪውን ድርሰት ነው።

የግብፅ አባቶች ታሪክም አለ። ቅዱስ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ሐሳቡ ተበተነበት። «ጌታ ሆይ፣ መዳን እፈልጋለሁ፣ ሐሳቤ ግን አልተወኝም» አለ። ወጣ ሲል እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ አየ። ሰውየው ተነሣና ጸለየ። ደግሞ ተቀምጦ ታታ። ደግሞ ተነሥቶ ጸለየ። መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው። ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር፤ የሐዋርያት ሥራ 18፥3 ላይ ታገኙታላችሁ። ቆሮንቶስ ላይ እየሰፋ ነው በየሰንበቱ በምኩራብ የተከራከረው።

ሰባኪው ልጄ፣ አንተ ያልከውን አልጥልም። ሰዓት ከሰዓት ይጣላል። ስለዚህ ለዘድጓ ቤት የምለው፣ የእጅ ሥራህን ጠባብ አድርገው። አንድ ቆዳ በአንድ ወር። የዐቢይ ጾም ሲመጣ ደግሞ በአዘቦት ቀን ቅዳሴው ወደ ከሰዓት በኋላ ስለሚሄድ ጠዋቱ ይሰፋል፤ ያን ተጠቀምበት። ፈተና ሲቃረብ አቁመው። ቆዳው አይሄድብህም፣ ደርቆ ይጠብቅሃል።

ሌላ አንድ ነገር። በጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር፣ ማለት የተመሰከረለት የድጓ መምህር የሚሆን ተማሪ ድጓውን በእጁ ይጽፍ ነበር። መምህሩም ምልክቱን ያርሙለት ነበር። ስለዚህ የእጅ ሥራው ከትምህርቱ ውጭ ያለ ነገር ነው የሚለው አሳብ ለእኛ ትምህርት ቤት እንግዳ ነው።

ዲያቆን በቨርጂኒያ

ሰላም ከዋሽንግተን ዙሪያ። እዚህ ቆዳም የለም፣ ጓሮም የለም። የምኖረው አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ብራና ብዘፈዝፍ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብኛል።

ሌሊት እሠራለሁ፣ ቀን በኢንተርኔት እማራለሁ። የእጅ ሥራዬ መቁጠሪያ መቋጠር ነው። ክር በኪስ ይገባል። በሥራ ዕረፍቴ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጬ እቋጥራለሁ። በእያንዳንዱ ቋጠሮ «እግዚኦ ተሠሃለነ» እላለሁ። 41 ሲሞላ አንድ መቁጠሪያ ደረሰ ማለት ነው። ሌላ ጊዜ 64 እቋጥራለሁ፤ እመቤታችን በዚህ ዓለም የኖረችባቸውን ዓመታት በማሰብ። አልሸጥም። ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ነው የምሰጠው። እዚህ የተወለዱት ልጆች አማርኛው ይከብዳቸዋል፣ ግእዙን አያውቁትም፣ ክሩን ግን በአንድ ቀን ይለምዱታል። አንዷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በራሷ ቋጥራ አምጥታ ስታሳየኝ ቋጠሮዎቹ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነበሩ። አሁን እሱን ነው በኪሴ የምይዘው።

ስለ ተሰፋው ብራና የተባለውን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ሙዚየም የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ፎቶ ይዟል። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 በማይክሮፊልም ነው፤ አሁን ብዙው በድረ ገጽ ይገኛል፣ መመዝገብ ብቻ ነው። አንድ ሌሊት ዳዊት ስመለከት ገጹ መሐል ላይ የተሰፋ ቀዳዳ አየሁ። ስፌቱ እንደ ዓሣ አጥንት ነው። ጸሐፊው ቃሉን ሁለት ላይ ከፍሎ ቀዳዳውን ዞሮታል። ያን ገጽ አስፍቼ ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። ዘድጓ ቤት፣ ግባና እይ። ለትምህርትህም ይጠቅምሃል።

የመካኒሳ ልጅ

እኔ ወንጌላዊት ነኝ፣ ሥነ መለኮት ነው የምማረው። ያደግሁበት ልማድ ከእናንተ ቢለይም ይኼን ክር ሳነብ ቤቴ የተቀመጥሁ መሰለኝ። ክራር እሠራለሁ። ፊቱ የሚሸፈነው በቆዳ ስለሆነ ብራና ፋቂ አባታችን የጻፉትን በሙሉ ገልብጬ ያዝኩት። ክራሬ ላይ ያለው ቆዳ ሁልጊዜ ዝናብ ሲመጣ ይላላብኝ ነበር። በትንሽ ፀሐይ ከማድረቅ ይልቅ በጥላ ብሞክረው እንዴት ይሆናል ብዬ ነው።

ጸሎት ላይ ግን እኔ ያገኘሁት ተቃራኒውን ነው። ስሠራ ዝም እላለሁ። ጸሎቴ የሚመጣው ሥራው አልቆ ገመዱን ስወጥር፣ የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ነው።

ብራና ፋቂ

የመካኒሳ ልጅ፣ ለክራርም ያው ነው፤ ጥላ ላይ ይድረቅ። ሲወጠር ግን እርጥብ ሆኖ ነው። እርጥቡን ወጥረሽ ብታደርቂው ራሱ እየተሰበሰበ ይጠብቃል።

አዲስ ገቢ

ዘንድሮ ነው የገባሁት። መቁጠሪያውን እንዴት እንደሚቋጥሩ ዲያቆን በቨርጂኒያ ቢጽፉልን? እንዲሁም እኅታችን ወለተ ሥላሴ፣ ልብሰ ተክህኖ ይሸጣሉ? ገንዘብ መቀበሉ ያሳስበኛል፤ እኔም በእጄ ሠርቼ የቤት ኪራይ መክፈል እፈልጋለሁ።

ወለተ ሥላሴ

አዲስ ገቢ፣ እሸጣለሁ። ለጨርቁ፣ ለክሩና ለድካሜ የሚሆን እቀበላለሁ። መጀመሪያ አፍር ነበር። ንስሐ አባቴ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ የተባለው ለሠሪው ነው፤ ሠርተሽ ብዪ» ብለው አሳረፉኝ። እኔ ያስቀመጥኩት አንድ ድንበር ብቻ አለ። ደንበኛ ቸኩሎ «ለእሑድ አድርሺልኝ» ቢለኝ አልቀበልም። እጄ በተቸኮለ ጊዜ አፌ ይዘጋል። ያን ጊዜ የማደርገው ስፌት ብቻ ይሆንብኛል።

ዲያቆን በቨርጂኒያ

አዲስ ገቢ፣ በጽሑፍ ማስረዳት ይከብዳል፤ ሰው እጅ ላይ ማየት ነው የሚሻለው። ከአጥቢያህ መነኮሳይት እናቶች አንዷን ጠይቅ። የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እኔም የተማርኩት ከአንዲት እማሆይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ።

ሰባኪው

መምህር ዘሐይቅ፣ የአባ ጊዮርጊስን ነገር በዚህ በኩል አላሰብኩትም ነበር። አንድ ቆዳ በአንድ ወር ያሉትን ተቀብያለሁ። ዘድጓ ቤት፣ እኔ ነኝ የክፍል ጓደኛህ። ገብቶህ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለውን ቆዳ ስትወጥር ጥራኝ፤ ጠፍሩን ሁለት ሰው ሲስበው ይሻላል ማለት ነው መቼም።

ዘድጓ ቤት

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። አዎ፣ ገብቶኝ ነበር።

ሁለተኛውን ቆዳ ከሰባኪው ጋር ወጠርነው። የሥጋውን በኩል በእርጥቡ ፋቅን። ሁለት ቀዳዳ ነበረው፤ ሁለቱንም በእርጥቡ ሰፋኋቸው። ውኃውን ጠዋትና ማታ ለወጥን። እማማ ራሳቸው መጥተው አይተው «ይኼማ ቅዱስ ነገር ነው፣ እዚያ ግድግዳው ሥር አድርጉት» አሉን። ለስምንት ቀን ጥላ ላይ ቆየ። ነጭ ወጣ። ስታንቀሳቅሰው እንደ ደረቅ ቅጠል ይንሿሿል። አራት ቅጠል ቆረጥሁበት። በወስፌ መስመር አሰመርሁ፤ የጠጉሩን ገጽ ከጠጉሩ፣ የሥጋውን ከሥጋው አጋጥሜ አስቀመጥሁ።

ፈቀደ እግዚእን መጻፍ ጀምሬያለሁ። አሥር መስመር ላይ ደርሻለሁ። ጥቁሩ ቀለም ከአንድ አባት የተሰጠኝ ነው፤ ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተብላልቶ የተሠራ። ቀዩ ግን የለኝም። ስለዚህ የጌታና የእመቤታችን ስም በሚመጣበት ሁሉ ቦታውን ባዶ እየተውኩ እያለፍኩ ነው። ገጹን ሳየው ስሞቹ የሚገቡበት ነጭ ነጭ ቦታ ብቻ ነው ጎልቶ የሚታየው። ሁለተኛው መስመር ላይ የተሰፋው ቀዳዳ አለ፤ ዞሬው አልፌያለሁ።

ብራና ፋቂ

ልጄ፣ የትኛው አጥቢያ ኪዳን እንደምታደርስ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ቅዳሜ ቀይ ቀለም በቀንድ ይዤልህ እመጣለሁ። መቃውን፣ የመጻፊያውን ብዕር፣ ግን አንተ ቅረጸው፤ ለቀዩ ሌላ ብዕር ነው የሚያዘው።